የኋላው መስታወት ሲጠራ

ባለቤቴ መኪናዋን የገዛት ከአንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ነው። ረዘም ያለች፣ ጀርባዋ እንደ ሣጥን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስቴሽን ነበረች። ፈረንጁ በክረምት ጭቃ ሲመላለስ የኋላው መስታወት እየተሸፈነ ቢያስቸግረው፣ ከፊት ካሉት ሁለት የዝናብ መጥረጊያዎች ሌላ አንድ ሦስተኛ ከኋላ አስገጥሞላት ነበር። ያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ በደብረ ማርቆስ የነበሩት የቤት መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከኋላዋ መጥረጊያ ያላት ግን እሷ ብቻ ነበረች። የየጁቤ ገበያተኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያልፍም። «መቀመጫዋን የምትጠርገው» አሏት። መቀመጫ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ያሉትን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

እሱ በስሟ አይከፋም ነበር። ከገበያው ሊወጣ ሲል ከመሪው ሥር ያለችውን ማብሪያ ጫን አድርጎ መጥረጊያዋን አንድ ሁለቴ ያወዛውዛታል፤ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አልስቅም። ያችን መኪና አንድም ቀን ወድጃት አላውቅም። ሽታዋ ያቅለሸልሸኛል፣ ጩኸቷ ራሴን ያመኛል፤ ባሌንም ከበቅሎ ላይ ካወረደችው በኋላ ሌላ ነገር እንዳይወድ አድርጋዋለች። ቢሆንም በየሳምንቱ የጁቤ ገበያ የምወርደው በእሷው ነው። ክርና ሳሙና እቸረችር ነበርና ጥቅሌን ከኋላ አስጭኜ፣ እኔ ከፊት ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ከኋላችን ተሳፋሪ ይታጨቃል።

ነገሩን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። የባለቤቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል፤ አንዳችን ለአንዳችን ግን ትንፍሽ አላልንም። እንጀራው መንዳት የሆነ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከልጅነቱ የዓይን ማዝ ይዞት፣ ካደገ በኋላ የላይኛው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሽፋሽፍቱ ፀጉር ብሌኑን ይወጋው ነበር። ባገራችን ይህ ብርቅ አይደለም። መድኃኒቱ ተብሎ የሚታሰበውም ከሰው አንገት አይጠፋም፤ ወረንጦ ነው። የእኔም ወረንጦ ከማተቤ ጋር ታስሮ ይውል ነበር። ፀጉሩ እንደገና ማደጉን የማውቀው እሱ ሳይነግረኝ ነው፤ ጠዋት አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ሲነሣ። ያን ጊዜ ደጃፍ ላይ፣ ብርሃን ያለበት ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ መጥቶ ራሱን ጭኔ ላይ ያኖራል። ቆቡን በአውራ ጣቴ ገልበጥ አድርጌ አንድ በአንድ እነቅልለታለሁ። እጇ ቀላል ነው ይባልልኝ ስለነበር ለዚሁ ጉዳይ ከሰፈሩም የሚመጡብኝ ነበሩ። ስጨርስለት ዓይኑን ጨፍኖ እዚያው እንደተጋደመ ትንሽ ይቆያል። «እፎይ» ይላል። በትዳራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ሰላም ያየንበት ሌላ ሰዓት ትዝ አይለኝም።

የተነቀለው ፀጉር ግን ተመልሶ ይበቅላል። ሲበቅልም አጥሮና ጠንክሮ ነው፤ የታጨደ ማሳ ባዶ እግር እንደሚወጋው ይወጋል። እንደገና እነቅላለሁ፤ እንደገና ይበቅላል። አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር በአንድ ወቅት ዓይኑን ገልጦ አይቶ፣ «ቆቡን ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል፤ የተጫረውን ብሌን ግን የሚመልስ የለም» ብሎት ነበር። እሱ የሰማው «ቆርጦ» የምትለዋን ብቻ ነው። ቤት እስክንደርስ ድረስ «ዓይኔ ላይ ምላጭ!» እያለ ሲያጉረመርም መጣ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ባነሣሁበት ቁጥር ጦፎ ከቤት ይወጣል።

ፈሪ ሆኖ አይደለም። የእናቱ ዓይን የጠፋው በዚሁ በሽታ ነበር። ልጅ ሳለ የበትራቸውን ጫፍ ይዞ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም የሚመራቸው እሱ ነው። ሊነጋጋ ሲል እየቀሰቀሱ «ነጋ እንዴ?» ይሉት እንደነበር፣ አንዳንድ ቀን እንቅልፉ እየበለጠበት፣ ነግቶ ሳለ «አልነጋም» ብሏቸው ይተኛ እንደነበር ነግሮኛል። እሳቸውም አምነውት በአልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ይህን አንድ ጊዜ ከነገረኝ በኋላ የእናቱን ዓይን ድጋሚ አላነሣውም።

ወደ ፊት ሲነዳ ብዙም አይታወቅበትም ነበር። የየጁቤን መንገድ በቃሉ ያውቀዋል፤ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የቱ ጋ ጎማው ቦይ ውስጥ እንደሚገባ እጁ ይነግረዋል። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። «በሬ» እላለሁ። «ሽማግሌ፣ ከነበቅሎው።» «ውሃው ሞልቷል፣ ቀስ።» መቼ እንደጀመርኩት አላውቅም፤ አንድ ቀን ራሴን ብሰማው አፌ ከመንገዱ ጋር እኩል ይሄዳል። በሌላ ነገር አንድ ቃል ብመክረው ቤቱን በቁጣ የሚያናውጥ ሰው፣ በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ «ዝም በይ» ብሎኝ አያውቅም፤ ልቤን ያራደውም ይኸው ነበር። ተሳፋሪዎቹ ጨቅጫቃ ሚስት አደረጉኝ። አንዱማ «እትዬ፣ የሚነዱት እርስዎ ነዎት ወይስ እሳቸው?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ባለቤቴ ነበር።

ወደ ኋላ ሲሆን ግን በቃሉ የሚያውቀው መንገድ የለም። ገበያው ላይ ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት ባዶዋን አዙሮ ያቆማታል፤ እኔ ያን ጊዜ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ስለምሆን ብቻውን ነው። በዚህ ላይ የኋላው መጥረጊያ አረጀ። የበጋው ፀሐይ ጎማውን ሰነጣጥቆት፣ ክረምት ሲገባ ከግማሹ ተቦጭቆ ተንጠለጠለ። ጎማው ሲያልቅ ደግሞ አቅፎ የያዘው ብረት መስታወቱን ይነካል፤ በተወዛወዘ ቁጥር ሲጢጥ እያለ ቀጭን ቅስት መስመር ጫረበት። ጭቃውን አያነሣውም፤ ግራና ቀኝ ይለቀልቀዋል እንጂ። ቤት ውስጥ ውሃውን ከብርጭቆው ውጪ ሲያፈስ የሚያላክክበት አልነበረውም፤ መኪናዋ ውስጥ ግን አገኘ። ያላየውን ሁሉ ያላየው በመጥረጊያው ምክንያት ሆነ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ የገበያ ቀን፣ የጁቤ ላይ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ሰው ቀድሞ መበተን ጀመረ። ጥቅሌን በላስቲክ እየጠቀለልኩ ሳለ የመኪናዋን ሞተር ሰማሁ። ቀና ስል ወደ ኋላ እየመጣች ነው። የኋላው መስታወት ከጭቃው ብዛት ግድግዳ መስሏል፤ ያቺ የተቦጨቀች ጎማ እላዩ ላይ ትራወጣለች። ከበስተኋላዋ አንዲት ሸክላ ሻጭ ያልተሸጠላትን እንስራና ድስት ደርድራ፣ ከመጨረሻው እንስራ አጠገብ የዳዴ ልጇን በቁራጭ ጀንዲ ላይ አስቀምጣዋለች። ሴትዮዋ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ዝናቡና ሞተሩ ድምፃችንን ዋጡት። እንስራዎቹ ሲደቁ ያለውን ድምፅ ሰምቶ ይመስለኛል ፍሬን የያዘው። የመኪናዋ የኋላ እግር ከልጁ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ልጁ አላለቀሰም። የሸክላው ስብርባሪ ድምፅ ደስ ብሎት ሳቀ።

ሴትዮዋ ለእንስራዎቿ ዞርም አላለች። ልጇን አንሥታ ከደረቷ ጋር አጣብቃ ያዘችና ቆመች። ባለቤቴ ወርዶ በእጁ ጭቃውን እያሳየ፣ «መጥረጊያው ነው እኮ፤ መጥረጊያው አላሳይ ብሎኝ ነው» አለ።

«ስጮህልህ አልነበር እንዴ ጌታው?» አለችው። «መጥረጊያው ጆሮም ይደፍናል?»

ሰው ተሰበሰበ፤ እዚያው ዛፍ ሥር ሽማግሌ ተቀምጦ በካሣ አስታረቀን። ሴትዮዋ እርቁን ስትቀበልም ልጁን ከእቅፏ አላወረደችውም። ባለቤቴ ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ ራሱን ሊዳስስ እጁን ሲዘረጋ መጀመሪያ ያገኘው የእናትዮዋን ክንድ ነው። ወደ ማርቆስ ስንመለስ ከ«በሬ» እና ከ«ውሃ» በቀር ቃል አልወጣኝም።

ቤት እንደገባን እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ ተናገርኩት። የመጣው ይምጣ ብዬ ነው።

«መጥረጊያው ነው ብለሃል። ይሁን። ቀይረው። እስክትቀይረው ድረስ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። ቀይረህ ስትጨርስ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። በመስታወቱ ካየኸኝ ሁለተኛ ስለ ዓይንህ አንድ ቃል አይወጣኝም። ካላየኸኝ ግን ቁልፉን ታስረክበኛለህ።»

«ቁልፍ ለሴት?»

«ለሚያይ ሰው።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ኮቱን ቀስ ብሎ አወለቀና ሚስማሩን በእጁ ፈልጎ ሰቀለው። «እሺ» አለ። ያን ሰው በብዙ ነገር አማዋለሁ፤ ቃሉን በማጠፍ ግን አላማውም። እሺ ያለው ስለ ልጁ እንደሆነም አውቃለሁ። ያን ሰሞን እህል አልቀመስ ብሎት ነበር።

ጎማው ግን ማርቆስ ላይ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ለፊቶቹ እንኳ ሰው አዲስ አበባ ልኮ ነው የሚያስመጣው፤ የኋላ መጥረጊያ ያለው ሌላ መኪና በሌለበት አገር ለኋላ የሚሆን ማን ያመጣል? መጀመሪያ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ በምላጭ ቀደደና ብረቱ ውስጥ ሰክቶ ሞከረው። ልስልስ ነው፤ ይታጠፋል። መስታወቱን ጠረገው ከማለት ቀባው ማለት ይሻላል። ከበረባሶ ጫማ ላይ የቆረጠው ደግሞ ወፍራም ሆኖ አልገባ አለ። እነዚህ ሁለቱ ሲከሽፉ ፊቱን አየሁት። አዝኗል፤ ደስም ብሎታል። መንዳቱን ይናፍቃል፤ ያችን ፈተና ደግሞ ይፈራታል። «አየሽ፣ መጥረጊያ ከሌለ ማን ያያል?» አለኝ፤ እውነቱን ነው ብዬ ተውኩት። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ዝናብ እየወረደባት ቆመች፤ ተሳፋሪዎቿ ወደ በቅሎና ወደ እግራቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ ጎማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክርና ሳሙናዬን በጅምላ የምወስድባቸው አንድ የእስላም ነጋዴ ነበሩ፤ ከጨርቅ እስከ ፋኖስ የማይሸጡት የለም። ጉዳዬን ብነግራቸው መጋዘናቸው ገብተው ቆይተው በወረቀት የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ወጡ። «ለካሚዮን የመጣ ነው፤ ፈላጊ አጥቶ ተቀምጧል» አሉኝ። «ይረዝማል። ጌታው ይቁረጡት።» በነጠላዬ ሥር ይዤው መጣሁ። ለባለቤቴ ስሰጠው በሁለት ጣቱ መሐል አጠፍ ዘርጋ አደረገው፤ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰው።

«ጎማ ማለት ይሄ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን የደስታ አልነበረም።

የገጠመው በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው። ከቅዳሴ ተመልሰን እህል ቀማምሰናል። ዝናቡ ጋብ ብሎ ሰማዩ ግን እንደ ከበደ ነው። «በዓል ነው፣ ሥራ አትጀምር» አልኩት። ስለ በዓሉ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቀን እንኳ ለማሳደር ነው። «መዶሻ እስካልመታሁ ሥራ አይባልም» አለና ጆንያ አንጥፎ ከበረንዳው መደብ ላይ ፒንሳውንና ምላጩን አስቀመጠ።

መጥረጊያዋን የተሸከመውን ክንድ ከመስታወቱ ላይ ወደ ኋላ ገትሮ፣ መቆለፊያዋን ትንሽ ምላስ ተጭኖ ነቀላት። ክንዱ ባዶውን ተመልሶ መስታወቱን እንዳይመታ በጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጦ ያረጀውን ጎማ በፒንሳ ስቦ አወጣ፤ ብስኩት ይመስል በእጁ ላይ ተፈረካከሰ። ጎማውን ከሁለት ወገን ደግፈው የሚያቆሙት እንደ ሳር የቀጠኑ ሁለት ብረቶች አሉ። እነሱን በጋዝ በራሰ ጨርቅ ጠራርጎ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የካሚዮኑን ጎማ ከብረቱ ጋር አስተካክሎ ለካና ትርፉን በምላጭ ቆረጠው። ይህን ሁሉ ሲሠራ ዓይኑን ጨፍኗል። ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ሩቅ የሚሰማ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚሠራው።

አንደኛው ቀጭን ብረት አመለጠውና መሬት ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ሣሩን ይዳብስ ጀመር። ብረቱ ከእግሩ ሥር ነው፤ ያብለጨልጫል። እጁ በግራው ያልፋል፣ በቀኙ ያልፋል። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በእግሬ ጣት ገፋ አድርጌ እጁ ከሚመጣበት አደረስኩለት።

«አገኘሁት» አለ።

«ጎሽ» አልኩት።

ውሉን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ጎማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እዚያ ቆሜ ግን ባልሠራለት እያልኩ ገብርኤልን እለምን ነበር። ጎማው አልገባ ቢለው። ቢሰበር። ሲቆርጥ ቢያሳጥረው። ጥቂት ጊዜ እንኳ፣ መስከረም እስኪጠባ፣ ጥፋቱ የመጥረጊያው ሆኖ ቢቆይ። ባሌ በሕይወቱ ብዙ ነገር አበላሽቷል፤ አጥራችን እስከ ዛሬ የተጣመመው በእሱ እጅ ነው። ያችን ነገር ግን አሳምሮ ሠራት። ሁለቱን ብረቶች በጎማው ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች ውስጥ ሰካ፤ ጎማውን ከነብረቱ በያንዳንዱ ጥፍር ሥር እያሳለፈ ገፋው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። ክንዱ ላይ መልሶ ሲሰካውም እንደዚያው ቀጭ አለ። ክንዱን ወደ መስታወቱ አወረደው። ጎማው ዳር እስከ ዳር አንድ ክፍተት ሳይተው ተኛ።

ከዚያ አውራ ጣቱን በመስታወቱ ላይ አሳለፈ። አሮጌው ብረት የጫረው መስመር ላይ ጥፍሩ ያዝ አደረገው።

«ይሄ አይለቅም» አለ። ወዲያውም «ቀጭን ነው፤ አይጋርድም» ብሎ ጨመረበት።

እሱ ጎንበስ ብሎ ከግቢው ጭቃ በእፍኙ ዘገነና መስታወቱን ለቀለቀው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አንድም ነገር እስከማይታይ ድረስ። «ሲጠራ በደንብ ይጥራ፤ ኋላ ነገር እንዳታበዢብኝ» አለኝ። እጁን በጆንያው ጠርጎ ሄዶ ገባ። ባትሪው ተኝቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ተነሣ።

እኔም ወደ ኋላ ዞርኩ። የክት ቀሚሴንና ነጠላዬን እንደለበስኩ ነኝ፤ ነጭ ነው። ቦታ መረጥኩ። ከሰማዩ በኩል ብቆም ነጩ ከደመናው ይቀላቀልበታል ብዬ፣ ዝናብ ያጠቆረው የባሕር ዛፍ አጥር ከጀርባዬ እንዲሆን ቆምኩ። ከመኪናዋ ያለሁት እጄን ብዘረጋ መስታወቱን ለመንካት ጥቂት በሚቀረኝ ርቀት ነው። ካፊያ ጀመረ። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ዝቅ አደረግኩት፤ ፊቴ እንዲለይለት።

መጥረጊያዋ ተንቀሳቀሰች። በመጀመሪያው ጭቃው ተገፍቶ ወደ ጎን ወረደ። በሁለተኛው ካፊያው አግዟት ውሃ ሆነ። በሦስተኛው መስታወቱ ጠራ፤ እንደዚያ የጠራ መስታወት አይቼ አላውቅም። ወንበሮቹ ታዩኝ፣ ስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለችው መስቀል ታየችኝ። ባለቤቴ አንድ ክንዱን በወንበሩ ድጋፍ ላይ ጥሎ ሙሉ ሰውነቱን ወደ ኋላ አዙሯል። ፊት ለፊት ነው የሚያየኝ። ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንደ ሙሽራ ደስ አለኝ። ፈገግ አልኩለት። እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩለት።

«ኧረግ! እንዴት ያለ ጎማ ነው!» አለ በመስኮቱ በኩል ጮክ ብሎ። «ጠራ እኮ! አጥሩ ሳይቀር ይታየኛል! የት ገባሽ አንቺ? ነይ ቁሚልኝ እንጂ!»

እጄ በአየር ላይ ቀረ።

«ሰማሽኝ? ነይ ውጪ፤ እየጠበቅኩሽ ነው!» ይህን ሲል ፊቱን ወደ ቤቱ በር መለሰ።

ቀላል ነበር። ቀስ ብዬ ወደ በሩ ሄጄ፣ ጫማዬን በደንብ እያስጮህኩ «መጣሁ» ማለት እችል ነበር። ተመልሼ ቆሜ ሳል ብዬ ድምፅ ብሰጠው፣ ወደዚያው ዞሮ «ይኸው አየሁሽ» ይለኛል። ቃል እንደማያጥፍ አውቃለሁ አላልኩም? ይህን ያህል ብረዳው ግን ሳያውቀው ያጥፍልኛል። ነገ ከጎኑ ተቀምጬ «በሬ» እላለሁ፤ በሬ ባየሁ ቁጥር እላለሁ። ስታመም ማን ይልለታል? ሳልኖር? ያ የዳዴ ልጅ ፊቴ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

«ቆሜያለሁ» አልኩ።

ድምፄ ቢያንስም ሰማኝ። ፊቱ ከበሩ ወደ ድምፄ ዞረ፤ ዓይኑ ግን ከእኔ ትንሽ አልፎ አጥሩ ላይ ዐረፈ።

«መቼ መጣሽ?»

«ከመጀመሪያውም እዚሁ ነኝ።»

ካፊያው ቆሞ ስለነበር መጥረጊያዋ በደረቁ መስታወት ላይ ወዲያና ወዲህ እያለች ትንጫጫለች። ትከሻው በትንሽ በትንሹ ሲወርድ በመስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ። ወደ ፊት ዞረና ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ መጮህ አምሮት እንዲህ ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ ጩኸቱን ጠበቅኩት። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። ሰድቦኝ፣ እናቴን ሳይቀር ሰድቦብኝ ቢወርድ እመርጥ ነበር።

ሞተሩን አጠፋው። መጥረጊያዋ መሐል መስታወቱ ላይ እንዳለች ቀረች።

«ጎማው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። «ምንም አልተወ።»

«ደህና ይጠርጋል?»

«አዎ፣ ደህና ይጠርጋል።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው» አለ። ቁልፉን ሲነቅለው ሰማሁ። እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ቁልፉን ወደ ፊት ለፊት፣ ማንም ወደሌለበት ዘረጋልኝ። እኔ ገና ከኋላ ነበርኩ። ዞሬ እስክደርስለት ድረስ እጁን አልሰበሰበውም።